ለጎሽ የሚሆን ጥይት እንዴት ይመረጣል?

ቡሬ፣ ጎሬ ወይም መቱ ላይ የጠመንጃ ወግ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው የአፈሙዙ ስፋት ነው። ጣት የሚያስገባ አፈሙዝ ያለው ጎሽ ይጥላል፣ ጠባቡ ለድኩላ ነው ይባላል። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው፤ ሌላው ግማሽ ግን ሰው ያስጎዳል። አፈሙዙ ሰፊ ሆኖ አረሩ ከጎሽ ትከሻ የማያልፍ ጠመንጃ አለ፤ ጥይቱ ግሩም ሆኖ ቀለሃው ከገበያ የጠፋም አለ።

ይህ መመሪያ በፈቃድ ለሚያድን፣ አዳኝን በሙያ ለሚያጅብ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ኖሮ አደንና ጥይት በእጅ መሙላት ለጀመረ የኢሉባቦር ልጅ ነው። ምርጫው በሦስት ጥያቄዎች ይቋጫል፦ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? አረሩ ጠልቆ ይገባል ወይ? ከአሥር ዓመት በኋላስ ቀለሃና አረር ይገኝለታል ወይ? ስፋት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ከዚህ በታች "ጥይት" የምንለው ሙሉውን ነው፤ "ቀለሃ" የናሱን ሽፋን፣ "አረር" ከአፈሙዝ የሚወጣውን፣ "ካፕሱል" በቀለሃው ቂጥ ላይ ተቀምጣ ባሩዱን የምትለኩሰውን። በስማቸው ፊት ያለው ቁጥር (.375፣ .416፣ .458) በኢንች የተገለጸ ስፋት ነው፤ በአንዳንዶቹ ግን ግምታዊ ነውና ለስሌት የአረሩን ትክክለኛ ስፋት ይያዙ። "ዓ.ም." ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ ደረጃ፦ ከሕጉ ይጀምሩ

በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያን ጉዳይ የሚገዛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። መሣሪያ መያዝ፣ መጠገንና መነገድ በፈቃድ የታሰረ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ካሉ ጥይት በእጅ መሙላትን ያለ ፈቃድ አይሞክሩት፤ ከታች ያለው የመሙላት ክፍል ሕጉ ለሚፈቅድበት አገር ነዋሪ የተጻፈ ነው።

አደኑን ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. ይገዛዋል። በሕግ የሚታደነው በታወቀ የአደን ቀጠና፣ ለታወቀ እንስሳ፣ በታወቀ ቁጥር ነው። የጠመንጃውን ዓይነት ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አስቀድመው ያሳውቁ፤ ለሚፈልጉት እንስሳ ምን ዓይነት ጥይት እንደሚጠየቅም በጽሑፍ ይያዙ። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽና ለአንበሳ ከ.375 በታች መተኮስ ክልክል ነው። ዝሆንን ከሐሳብዎ ያውጡት። የኢትዮጵያ ዝሆን ዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ ሳይቲስ፣ ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግላቸው ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። በባሮና በጊሎ ዳር የዝሆን ጥርስ ይነገድበት የነበረው ዘመን አልፏል።

2ኛ ደረጃ፦ እንስሳውንና መሬቱን ይለዩ

"ለአደን" የሚባል አንድ ጥይት የለም። ሦስት ሁኔታዎችን እንይ።

የመጀመሪያው በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚገኘው የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ የውጭ አዳኝም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣው ለእሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ሸለቆ ተሻግሮ፣ ከ200 እስከ 300 ሜትር ርቀት ነው። እዚህ ትልልቆቹ ጥይቶች ሸክም ናቸው፤ 7 ሚሊ ሜትር ወይም .300 ይበቃል። ለደጋ አጋዘን ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ አይጠበቅብዎትም።

ሁለተኛው የጫካ ጎሽ ነው። እንደ ኢሉባቦር ባለ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ የሚታየው ርቀት ከ30 እስከ 50 ሜትር ቢሆን ነው፤ ቅጠልና ሐረግ መሐል ይገባል፤ የቆሰለ ጎሽ ከተመለሰ ለሁለተኛ ጥይት ያለው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። እዚህ የሚፈለገው ከባድ አረር፣ መጠነኛ ፍጥነትና የማያንገራግር ጠመንጃ ነው።

ሦስተኛው የቆላው ሜዳ ነው። ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ሲወርዱ ከደጋው ጠርዝ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ይገባሉ፤ ሙቀቱ ይለወጣል፤ ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። አንዱ እንስሳ በ40 ሜትር፣ ሌላው በ150 ሜትር ሊያጋጥም ይችላል። እንዲህ ላለው ቦታ ሁለቱንም የሚችል ጥይት ይምረጡ።

3ኛ ደረጃ፦ አረሩን ያስሉ

ከስፋቱ ይልቅ የሚጠቅመው አረሩ ከስፋቱ አንጻር ያለው ክብደት ነው። ጠባብና ረዥም አረር ከሰፊና አጭር አረር የበለጠ ይጠልቃል። ስሌቱ በወረቀት ላይ የሚያልቅ ነው። አረር የሚመዘነው በግሬን ነው (7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ፣ 15.4 ግሬን አንድ ግራም ነው)። የአረሩን ግሬን ለ7,000 ያካፍሉ፤ ከዚያ የአረሩን ስፋት በኢንች በራሱ አባዝተው ውጤቱን በዚያ ያካፍሉ።

ምሳሌ፦ የ.375 የ300 ግሬን አረር። 300 ለ7,000 ሲካፈል 0.0429። .375 በራሱ ሲባዛ 0.1406። 0.0429 ለ0.1406 ሲካፈል 0.305። ለጎሽ ከ0.300 በታች የወጣ አረር አይያዙ። የ.416 የ400 ግሬን አረር 0.330፣ የ.458 የ500 ግሬን አረር ደግሞ 0.341 ይሰጣል።

ሁለት የአገራችንን ታሪክ የነኩ ጥይቶችን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠ ነው፤ በ1896 በዓድዋም ከኢትዮጵያ ሠራዊት ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነበር። አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። በሌላ በኩል ስኮትላንዳዊው ዝሆን አዳኝ ዋልተር ቤል አለ። በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ጎሬ ድረስ መጥቶ፣ አካባቢውን ይገዙ የነበሩትን ራስ ተሰማን አስፈቅዶ፣ ጊሎ ወንዝ ወርዶ ማደኑን ይተርካል። ቤል በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆን የጣለው በአብዛኛው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር፣ 11 ግራም በሚመዝን አረር ነው።

የሁለቱ ጥይቶች ጉልበት ሲሰላ ብዙም አይራራቅም፤ ሁለቱም ከ2,500 ጁል እምብዛም አይርቁም። የውጅግራው አረር ግን ልስልስ እርሳስ ስለሆነ ከአጥንት ሲጋጭ ይጠፈጠፋል፤ የቤል አረር ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ጭንቅላት ሰንጥቆ ይገባ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የአረሩ አሠራርና የተኳሹ እጅ ነው። ይሁን እንጂ ቤልን አይምሰሉ። የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና፣ ዕድሜውን በዚሁ የጨረሰ ሰው ነበር። በዓመት አንዴ ጠመንጃ የሚያነሳ ሰው ስህተቱን የሚሸከምለት ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ ሕጎች ከ.375 የጀመሩትም ለዚህ ነው።

ለጎሽ ሁለት ዓይነት አረር ይያዙ። መጀመሪያ የሚተኮሰው ከገባ በኋላ የሚከፈት ግን የማይበታተን ይሁን፤ ተከታዮቹ ጭራሽ የማይከፈቱ፣ ጎሹ ጀርባውን ሰጥቶ ቢሮጥ እንኳ ጠልቀው የሚደርሱ ይሁኑ። ሁለቱም ዓይነቶች ከጠመንጃዎ አንድ ቦታ መምታታቸውን በዒላማ ሳያረጋግጡ አይውጡ።

4ኛ ደረጃ፦ ቀለሃውን ከጠመንጃው ጋር ያጣጥሙ

የቀለሃው ግርጌ ጠመንጃውን ይወስናል። ዙሪያውን የወጣ ከንፈር ያለው ቀለሃ (ለምሳሌ .470 ናይትሮ ኤክስፕረስ ወይም .45-70) ተሰብሮ ለሚጎርስ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ወይም ለአንድ ጥይት ጠመንጃ ተስማሚ ነው። ካዝና ባለው ማውዘር ግን ከንፈሩ እርስ በርሱ ሊጠላለፍ ይችላል። ከንፈር የሌለው .416 ሪግቢና .404 ጄፍሪ፣ እንዲሁም በግርጌው ቀበቶ የታጠቀው .375 ለመዝጊያ ጠመንጃ የተሠሩ ናቸው።

ርዝመቱንም ይዩ። .416 ሪግቢ ወፍራምና ረዥም ስለሆነ ትልቅ መዝጊያ ይፈልጋል፤ ጠመንጃውም ይወደዳል። .458 ዊንቸስተር የተሠራው ግን ለ.30-06 የሚሆን ተራ መዝጊያ ውስጥ እንዲገባ ነው።

ከዚህ ሌላ ሙቀት አለ። የድሮዎቹ የእንግሊዝ ጥይቶች ቀለሃቸው ትልቅ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ኮርዳይት የተባለው የዘመኑ ባሩድ በሞቃት አገር ግፊቱ ይጨምር ስለነበር፣ ሰፊ ቀለሃ ውስጥ በዝቅተኛ ግፊት እንዲቃጠል ታስቦ ነው። ግፊት ሲበዛ ቀለሃው ከማጉረሻው ጋር ይጣበቅና መዝጊያው አልከፈት ይላል፤ ጎሽ ፊት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። በ1988 የወጣው .416 ሬሚንግተን የሪግቢን ጉልበት በትንሽ ቀለሃ የሚያወጣው ግፊቱን ከፍ አድርጎ ነው። በቡሬ ቅዝቃዜ ደህና የሠራ ጥይት ጋምቤላ ላይ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላልና ለቆላ የሚሄድ ሰው ሪግቢን ቢመርጥ ያዋጣዋል።

5ኛ ደረጃ፦ የትከሻዎን አቅም ይመኑ

በ4 ኪሎ ግራም ጠመንጃ የ.375 ርግጫ ከ.30-06 ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። .416 እና .458 ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። ሰው ርግጫን የሚፈራው ከተኮሰ በኋላ አይደለም፤ ቃታ ሲስብ ዓይኑን ጨፍኖ አፈሙዙን ይደፋል። ይህን ለማወቅ ጓደኛዎ ሳያዩ አንዴ ባዶ፣ አንዴ ጥይት እያጎረሰ ይስጥዎት። ባዶው ላይ አፈሙዙ ከተንቀሳቀሰ ጥይቱ ከአቅምዎ በላይ ነው። ቆመው፣ በ50 ሜትር፣ ሦስት ጥይት በሰሃን ስፋት ውስጥ ካላሰባሰቡ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ። ልብ ውስጥ የገባ .375 ሆድ ከመታ .458 ይሻላል።

6ኛ ደረጃ፦ አንድ በአንድ ያነጻጽሩ

.375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ (1912)። 300 ግሬን አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ገደማ ይነዳል፤ ጉልበቱ 5,700 ጁል አካባቢ ነው። እስከ 250 ሜትር ያለ ችግር ይደርሳል፤ ለጎሽም ለትልቅ አጋዘንም ይሆናል። ጥይቱ በዓለም ላይ አደን ባለበት ሁሉ ይገኛል። ድክመቱ በጥቅጥቅ ጫካ የቆሰለ ጎሽ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው፤ ያኔ ከእሱ የሚከብድ ይመረጣል።

.404 ጄፍሪ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የወጣ፣ ርግጫው ለስላሳ የሆነ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች ጥይት ነው። 400 ግሬን አረሩ በቀድሞው አሞላል በሴኮንድ 650 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ለእጅ ሞይ ጥሩ ነው፤ ጥይት ከሱቅ ለሚገዛ ግን አቅርቦቱ ጠባብ ነው።

.416 ሪግቢ (1911)። 400 ግሬን አረር በሴኮንድ ከ720 ሜትር በላይ፤ ጉልበቱ 6,800 ጁል ገደማ። በጫካም በሜዳም የሚበቃ ከተባለ ይህ ነው። ዋጋው፣ ክብደቱና የሚበላው ባሩድ ግን ብዙ ነው።

.458 ዊንቸስተር ማግነም (1956)። 500 ግሬን አረር በሴኮንድ 640 ሜትር ገደማ። ለቅርብ ርቀት ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባሩዱ ጠባብ ቀለሃ ውስጥ ታጭቆ እየተጋገረ ፍጥነቱ የወረደባቸው ጥይቶች ስሙን አጉድፈውት ነበር፤ በ1971 ረዘም ያለው .458 ሎት የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። በአሁኑ ባሩድ ችግሩ ተቃሏል። ምርጫ ካለዎት የሎት ማጉረሻ ያለውን ይግዙ፤ ሎት ሲጠፋ ተራውን .458 ይተኩሳል።

.470 ናይትሮ ኤክስፕረስ። 500 ግሬን አረር በሴኮንድ 655 ሜትር። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሁለተኛውን ጥይት ከማንም በፊት ይሰጣል። የዚህ ጥይት ዝና ግን የሕግ ልጅ ነው። ጠመንጃ ሠሪው ሪግቢ በ1898 ያወጣው .450 ናይትሮ ኤክስፕረስ ገበያውን ይዞ ሳለ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ1907 የ.450 ጥይት ወደ ሕንድና ወደ ሱዳን እንዳይገባ አገደ። በሰው እጅ ለነበሩት ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃዎች አረር እንዳይውል ሰግቶ ነበር። ከባሮ ማዶ ያለው አገር ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ተዘጋ፤ ጠመንጃ ሠሪዎቹም ወደ .465፣ .470 እና .475 ዞሩ። ትናንት ምርጥ የነበረ ጥይት ዛሬ በሕግ ወይም በገበያ ሊሞት ይችላል። ባለ .450ው አዳኝ ጠመንጃው ሳይበላሽ ዋጋ አጣ።

.45-70 (1873)። የአሜሪካ ጦር የጥቁር ባሩድ ጥይት ነበር፤ አሁንም በየሱቁ ይሸጣል። 405 ግሬን አረሩ በቀድሞው አሞላል 400 ሜትር በሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ የስሌት ውጤቱም 0.276 ስለሆነ ለጎሽ አይታሰብም። በእጅ መሙላትን ለመማር፣ በአሜሪካ ለአጋዘንና ለዱር አሳማ ግን ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው።

7ኛ ደረጃ፦ በእጅ ለሚሞሉ

በመጀመሪያ ከባሩድ፣ ከአረርና ከቀለሃ አምራች የታተመ የቅርብ ዘመን መመሪያ ይግዙ። ከዝቅተኛው መጠን ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ ይውጡ። ከሰው አፍ የሰሙትን መጠን አይሙሉ።

ወጪውን ቀድመው ያስሉ። የ.375 አንድ ጥይት በግምት 70 ግሬን፣ የ.416 ሪግቢ ደግሞ ወደ 100 ግሬን ባሩድ ይበላል። ስለዚህ አንድ ፓውንድ ባሩድ 100 የ.375 ወይም 70 የሪግቢ ጥይት ያወጣል። ይህ ለበጀት የሚሆን ግምት ነው፤ የመሙያ መጠን አድርገው አይውሰዱት።

ቀለሃውን ይመርምሩ። ቀበቶ ያላቸው እንደ .375 ያሉ ቀለሃዎች በተደጋጋሚ ሲሞሉ ከቀበቶው በላይ ይሳሳሉ። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቀጥ አድርገው ጫፉን ብቻ ያጥፉና በቀለሃው ውስጥ ከግርጌ ወደ ላይ በግድግዳው ይሳቡት። ጫፉ ጎድጓዳ ነገር ላይ ገብቶ ቢይዝዎት፣ ውጭውም ላይ ቀጭን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ቢያዩ ያን ቀለሃ በፒንሳ ጨፍልቀው ይጣሉ። ቀጣዩ ተኩስ ለሁለት ይቆርጠዋል። ዕድሜውን ለማርዘም ቀለሃውን ሲያስተካክሉ በቀበቶው ሳይሆን በትከሻው እንዲቀመጥ ያድርጉ።

አፉን ያጥብቁ። ትልቅ ጠመንጃ ሲራገጥ በካዝናው ውስጥ የቀሩት ጥይቶች አረራቸው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ አረር በተገፋ ቁጥር ግፊት ይጨምራል። አረሩ ላይ ያለችው ቀለበት ውስጥ የቀለሃውን አፍ ይንከሱ፤ ከዚያ ካዝናውን ሞልተው ሁለት ጥይት ይተኩሱና የቀሩትን ርዝመት በመለኪያ ያረጋግጡ።

ዘመኑን አያምታቱ። የ.45-70 መሙያ መመሪያ ለሦስት ዓይነት ጠመንጃ የተለያየ መጠን ይሰጣል፤ ለ1873ቱ ሞዴል የሚሆነው ለአዲሱ ጠንካራ ጠመንጃ ከሚሆነው በጣም ያነሰ ነው። ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ጠመንጃ፣ ውጅግራም ሆነ ሰናድር፣ በጭስ አልባ ባሩድ ቢሞላ ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከአያት የወረሱት ውጅግራ ካለ ሕጋዊ ወረቀቱን ያስይዙለትና ግድግዳ ላይ ይኑር።

8ኛ ደረጃ፦ ከእርጥበት ይጠብቁ

ኢሉባቦር ከአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። ጥይትን በቆዳ ዝናር ሰክቶ ማክረም የቆየ ልማድ ቢሆንም ናሱን ይጎዳዋል። ቆዳው የተለፋበት ነገርና እርጥበቱ ተባብረው ቀለሃው ላይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፤ ዝገቱ ማጉረሻው ውስጥ ይጣበቃል። ዝናሩን ለአደኑ ቀን ብቻ ይታጠቁት፤ ማታ ጥይቱን አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ጠርገው፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡ። አረንጓዴው ነገር ናሱን በልቶ ጎድጎድ ካደረገው ያን ጥይት አይተኩሱት።

9ኛ ደረጃ፦ ይወስኑ

አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚኖረው ሰው .375 ይያዝ። አቅርቦቱ፣ ርግጫውና የሕግ ተቀባይነቱ ሲደመር የሚወዳደረው የለም። ለጎሽ ብቻ ጫካ የሚገባ፣ ትከሻውም የሚችል፣ .416 ሪግቢ ወይም .458 ሎት ይምረጥ። ሌሎችን አጅቦ የቆሰለ ጎሽ የሚከተል ባለሙያ፣ ገንዘቡ ካለው፣ .470 ያስብ። ለመማርና በእጅ ለመሙላት ውጭ አገር ያለ ሰው በ.45-70 ይጀምር።

የግዢው ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ በቅድሚያ ፈቃዱ። ቀጥሎ አንድ መቶ ቀለሃና ሁለት ዓይነት አረር በእርግጥ የሚሸጥልዎት ቦታ። ከዚያ በተውሶ ጠመንጃ፣ ባለቤቱ ባለበትና ሕጉ በሚፈቅድበት የዒላማ ቦታ፣ የትከሻ ፈተናው። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ወደ ሌላ ጥይት ይዙሩ፤ ሁሉም ሲሟላ ጠመንጃውን ይግዙ።